«ፖሽ ብስኩት» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ጥያቄ፦ በአንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ውስጥ አንዲት ባልቴት እንግዳ ሲመጣባቸው «ፖሽ ብስኩቱን» ያወጣሉ። መዝገበ ቃላቱ ‹ፖሽ› ለሚለው «የተንደላቀቀ» የሚል ፍቺ ይሰጣል። ውድ ብስኩት ማለት ብቻ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለበት?

መልስ፦ ሌላ ነገር አለበት። ‹ፖሽ› ከበታች ሆኖ ሽቅብ የሚያይ ሰው ቃል ነው፤ የመኳንንቱ ወገን ራሱን በዚህ ስም ሲጠራ እምብዛም አይሰማም። ባልቴቲቱ ስለ ብስኩቱ ሲናገሩ ስለ ቤታቸውም መናገራቸው ነው፤ የዘወትሩ ሌላ ነው፣ ይህኛው ለእንግዳ ከቁም ሣጥን እንደሚወጣው ሲኒ ነው። እኔ ብሆን «የእንግዳ ብስኩት» ብዬ እተረጉመው ነበር።

የዘወትሩ የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ ግን ቃሉ አይበራም። ዳይጀስቲቭ የሚባለው የማክቪቲስ ኩባንያ ተራ ብስኩት ከ1892 ጀምሮ አለ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ ግንበኛውም ዳኛውም ሻይ ውስጥ ይነክረዋል። ከስተርድ ክሪምና በርበን የጋራ ሳሕን ብስኩቶች ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ደም በሚለገስበት ክፍል፣ በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ይቀርባሉ። በርበን በ1910 ለንደን ውስጥ በርመንድዚ በነበረው በፒክ ፍሪን ፋብሪካ የተፈጠረ ነው። ስሙ የፈረንሳይ ነገሥታት ቤት ስም ቢሆንም የቤተ መንግሥት ሽታ የለበትም።

ድንበሩን በግልጽ ያሰመረው ሕጉ ነው፤ ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝም ይኸው ነው። በብሪታንያ የተጨማሪ እሴት ታክስ ደንብ ተራ ብስኩት ታክሱ ዜሮ ነው፤ ላዩ በቸኮሌት ከተሸፈነ ግን 20 በመቶ ይከፈልበታል። የቸኮሌቱ ፍንካች ከሊጡ ጋር ተቀላቅሎ ከተጋገረ አይከፈልበትም። በርበንም የቸኮሌት መሙያው በሁለቱ ብስኩቶች መካከል ተሸፍኖ ስለሚቀር አይከፈልበትም። ኬክ ግን በቸኮሌት ቢሸፈንም ታክሱ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ ጃፋ ኬክ የሚባለው፣ የብርቱካን ጄሊ ያለበትና ላዩ በቸኮሌት የተሸፈነው ትንሽ ጣፋጭ፣ በ1991 ታክስ ችሎት ቀርቦ «ኬክ ነው» ተብሎ ተፈረደለት። ከታዩት ማስረጃዎች አንዱ ሲያድር የሚሆነው ነበር፤ ብስኩት ሲያድር ይለሰልሳል፣ ኬክ ይደርቃል፣ ጃፋም የሚደርቅ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ በመንግሥት ዓይን ቅንጦት ማለት ላይ ላዩን የሚታየው ቸኮሌት ነው፤ ባልቴቲቱም ከዚህ የራቀ ነገር አላሰቡም።

ሌላ ጠያቂ፦ መለኪያው ቸኮሌት ከሆነ፣ የብሪታንያው ንጉሥ ቻርልስ ልዑል ሳሉ ያቋቋሙት ዳቺ ኦሪጅናልስ የተባለው የምግብ ድርጅት በ1992 ያወጣው የአጃ ብስኩትስ? ቸኮሌት የለውም፣ ፖሽ ግን ይባላል።

መልስ፦ ጥሩ አነሡ፣ ወዳጄ። ወደ ላይኛው መደብ በተጠጋን ቁጥር ጣፋጩም ጌጡም እየቀነሰ ይሄዳል፤ ደረቅ ያለው፣ ከአይብ ጋር የሚቀርበው ይከበራል። በመካከለኛው ቤት ለእንግዳ የሚመረጠው በቸኮሌት የተሸፈነው ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ሰው ግን ለእንግዳ ብሎ የሚደብቀው ብስኩት የለውም።

ይህን ሚዛን ፖለቲከኞችም ያውቁታል። በ2009 ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን ከእናቶች ጋር በኢንተርኔት ሲወያዩ የሚወዱትን ብስኩት ደጋግመው ተጠይቀው ሳይመልሱ ቀሩ፤ ጋዜጦች ተሳለቁባቸው። በኋላ የመጣው መልስ «ትንሽ ቸኮሌት ያለበት ማንኛውም» የሚል ነበር። በስም አንዱን ቢጠሩ ኖሮ መራጩ ወዲያውኑ ከአንድ መደብ ጋር ያስቀምጣቸው ነበር ብዬ አምናለሁ።