የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ አልይዝ አለኝ

ጥያቄ (የሽምብጡ ወፍጮ)፦
ሰላም ወገን። ባሕር ዳር ወፍጮ ቤት ነው የምሠራው። ማታ ጆሮዬ ሲጮህብኝ ያድራል። ከፋርማሲ የስፖንጅ መድፈኛ ገዛሁ፤ ግን ትንሽ ቆይቶ ወደ ውጭ ይወጣል። ችግሩ የዕቃው ነው የእኔ?

መልስ (የጨርቃ ጨርቅ ጡረተኛ)፦
ልጄ፣ ዕቃው ምንም አልሆነ። መጀመሪያ የዱቄቱን እጅ ታጠብ። መድፈኛውን በጣቶችህ መሃል እያሽከረከርክ እንደ ጧፍ እስኪቀጥን ጠቅልለው። አይጨማደድ፤ በጭምድዱ ድምፅ ይገባል። ቀኝ ጆሮህን ስትደፍን ግራ እጅህን በአናትህ ላይ አሳልፈህ ጆሮህን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ። ቀዳዳው ጠማማ ነው፣ ሲሳብ ይቀናል። ስፖንጁ ሳይነፋ ቶሎ አስገባና 30 ሰከንድ ያህል በጣትህ ያዘው። ሽመና ክፍል ሳለን ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነበር፤ ወዲያው ከለቀቅኸው ተመልሶ ይወጣል።

መልስ (የዘጌ ጀልባ)፦
እኔ ሞተር አጠገብ ጥጥ ነው የምወትፈው። ምን ይህን ሁሉ ያደክማል?

መልስ (ነርሷ)፦
ወንድሜ፣ ጥጥ የረባ ድምፅ አያስቀርም። ጋሼ ያሉት ልክ ነው።

መግባቱን ለማረጋገጥ፣ ወፍጮው እየሠራ ሁለቱን ጆሮህን በመዳፍህ ክድን አድርገህ አንሳ። ድምፁ በጣም ከተለዋወጠ በደንብ አልገባም፤ አውጥተህ እንደገና ጠቅልል። ስታወጣ አትንጨቀው፣ እያዞርክ ቀስ በል። የቆሸሸና የጠነከረውን ጣል። ጆሮህ የሚፈስ ከሆነ ግን ጭራሽ አታድርግ።

አሜሪካኖቹ የሥራ ጤና ባለሙያዎች የሚመክሩት የምትሰማው ድምፅ ለ8 ሰዓት ከ85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) እንዳይበልጥ ነው። 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ከሆነ 4 ሰዓት ብቻ። ማታ ጆሮህ ለሚጮህብህ ግን የጆሮ ሐኪም ብትታይ ይሻላል።

የሽምብጡ ወፍጮ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እህቴም። ቀኙ ያዘ! ግራው ግን አሁንም እየወጣ ነው። ደሞ ደንበኛ ሲጠራኝ አልሰማም።

ነርሷ፦
ሁለቱ ጆሮ እኩል ላይሆን ይችላል። ለግራው አነስ ያለ ቁጥር ሞክር። ደንበኛን ውጭ ወጥተህ አናግር እንጂ እዚያው ወፍጮው ሥር አታውልቅ።

የዘጌ ጀልባ፦
እሺ፣ ፋርማሲው የት ጋ ነው?