ጥቆማ፦ የኮራል አኳሪየም ፎቶ ለማንሳት መጀመሪያ ምን ይገዛ?

«አኳሪየሜ በዓይን ሲያዩት ያምራል። በስልክ ሳነሳው ግን ሰማያዊ ቀለም የተደፋበት ይመስላል። ጥሩ ካሜራ ልግዛ እንዴ?»

ቆይ ወንድሜ፣ አትቸኩል። ጥፋቱ የስልክህ ሳይሆን የመብራቱ ነው። የኮራል ኤልኢዲ አብዛኛውን ጉልበቱን የሚያፈሰው ሰማያዊው ላይ፣ 450 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ዓይናችን ቶሎ ይለምደዋል። የካሜራው አውቶማቲክ ዋይት ባላንስ (ቀለሙን በራሱ የሚያስተካክልበት ዘዴ) ግን እዚያ ድረስ መሄድ ያቅተዋል። ውድ ካሜራ ብትገዛም ያው ሰማያዊ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የስልክ ሌንስ ላይ የሚሰካ ፊልተር ግዛ። ቢጫና ብርቱካናማ አለ። መብራትህ ነጭ ከተቀላቀለበት ቢጫው ይበቃል፤ ድፍን ሰማያዊ ከሆነ ብርቱካናማውን ውሰድ። እንከን አያጣውም፤ የእኔ ነጭ ዓሣ በብርቱካናማው ሲነሳ ሻይ የተደፋበት ይመስላል። «መብራቱን ነጭ አድርጌ ባነሳውስ?» ትል ይሆናል። ይቻላል፣ ለዓሣ እንዲያውም ይሻላል። ኮራሉ ግን ያ እሳት የመሰለ አረንጓዴው ይደበዝዛል፤ የሚያበራው ሰማያዊው ብርሃን ነዋ።

ፊልተር ሳትገዛ በሮው (ካሜራው ሳያስተካክል በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንስተህ ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ማስተካከልም ትችላለህ። ብርሃኑን ቀነስ አድርገህ አንሳ። ሰማያዊው አንዴ በብርሃን ብዛት ከተቃጠለ የሚመልሰው የለም።

ማክሮ (ትንሽ ነገርን በጣም አቅርቦ ማንሳት) ከፈለግህ፣ ስልክ ላይ የሚለጠፈው ትንሹ ሌንስ የሚሠራው ጥቂት ሴንቲሜትር ድረስ ብቻ ነው። መስታወቱ ጥግ ላለ ኮራል አሪፍ ነው፤ ወደ ውስጥ ለገባው አይረባም። ካሜራ ካለህ 60 ሚሊሜትሩን ትተህ 100 ሚሊሜትር ማክሮ ሌንስ ያዝ፤ ከራቅ ብለህ ታነሳለህ፣ ዓሣውም አይሸሽህም። ለዓሣ የሹተሩን ፍጥነት 1/250 ሰከንድ አድርገው።

«የመስታወት ነጸብራቅስ? ነጸብራቅ ይቀንሳል የሚባለውን ፊልተር፣ ፖላራይዘር ልግዛ?»

ገንዘብህን አታባክን። መስታወቱ ፊት ቀጥ ብለህ ስትቆም ፖላራይዘር ነጸብራቅ አያጠፋም፣ ብርሃን ግን ይበላብሃል። ጎን ብለህ ከቆምክ ደግሞ ምስሉ ይደፈርሳል። ሌንሱ ጫፍ ላይ የሚገባ የላስቲክ ከለላ ይሻልሃል። መስታወቱ ላይ ለጥፈው፣ የቤቱን መብራት አጥፋ፣ በቃ። ታንክህ አክሪሊክ ከሆነ ግን ቀስ በል፤ በትንሹ ይጫራል።

የኔ ምርጫ ግርጌው ግልጽ አክሪሊክ የሆነ ሳጥን ነው። ውሃው ላይ ታስቀምጥና በሱ ውስጥ ከላይ ታነሳለህ። ትራይዳክና (ባለሁለት ቅርፊት የባሕር እንስሳ) ካለህ ሞክረው። ከጎን ቡናማ ቅርፊት ይመስልሃል፤ ከላይ ሲታይ ከንፈሩ ሰማያዊ ጠቃጠቆ ነው።

ውሃውን የሚያንቀሳቅሰውን ፓምፕ አጥፍተህ አንሳ፣ አለዚያ ኮራሉ ሲወዛወዝ ፎቶው ይደበዝዛል። ስታጠፋው ግን ስልክህ ላይ አላርም ሙላ። እኔ አንድ ቀን ፎቶዎቼን ሳስተካክል ረስቼው ስመለስ ዓሦቹ ሁሉ ውሃው ገጽ ላይ አፋቸውን ከፍተው ነበር የጠበቁኝ።