ሹል ጫፍ ላለው ድንጋይ ማቀፊያ ስሠራ ጫፉ ላይ ብሩ ይሸበሸብብኛል፤ ምን ላድርግ?

ጀማሪዋ
ሰላም ለሁላችሁም። የብር ጌጥ መሥራት ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ማቀፊያ የምለው ድንጋዩን ዙሪያውን ከብቦ፣ ጠርዙ ወደ ድንጋዩ ተገፍቶ የሚተኛውን ስስ የብር ጥብጣብ ነው። ክብና ሞላላ ድንጋይ ብዙም አያስቸግረኝም። አሁን ግን የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያለው ኦፓል እጄ ገባና ጉድ ሆንኩ።

ደግነቱ ኦፓሉን አልነካሁትም፤ መጀመሪያ የሞከርኩት ተመሳሳይ ቅርጽ ባለው ብርጭቆ ነው። ክቡ ወገን ቆንጆ ሆኖ ተኛ። ሹሉ ጫፍ ላይ ስደርስ ግን ብሩ እንደ ጨርቅ ተሸብሽቦ ቆመ። እልህ ይዞኝ ስጫነው የብርጭቆው ጫፍ ተሸረፈ። ጎኑ ላይ ያለው ብየዳም ተከፈተ።

የድንጋዩ ርዝመት 18 ሚሊ፣ ወርዱ 12፣ ከፍታው 6 ነው። ለማቀፊያ የተጠቀምኩት 999 ንጹሕ ብር ነው፤ ውፍረቱ 0.3 ሚሊ፣ ቁመቱ 4 ሚሊ። መጋጠሚያውን ጎኑ ላይ አድርጌ፣ ሹሉን በፒንሳ አጠፍኩት። የት ነው የተሳሳትኩት?

ሞረድ በእጄ
እህቴ፣ ችግሩ የተፈጠረው ገና መግፋት ሳትጀምሪ ነው። ክብ ማቀፊያ ላይ ትርፉ ብር ዙሪያውን ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ቦታ ትንሽ ትንሽ ይጨመቅና አይታወቅም። ሹል ላይ ግን ሁለቱም ጎኖች ትርፋቸውን ወደ አንድ ነጥብ ይነዱታል። ብሩ መሄጃ ሲያጣ ይሸበሸባል።

መጋጠሚያውን ከጎን አንሺና ጫፉ ላይ አድርጊው። በፒንሳ የታጠፈ ሹል ሁልጊዜ ትንሽ ይዶለዱማል፤ ድንጋዩ ደግሞ አልዶለደመም። የጥብጣቡን ሁለት ጫፎች ከውስጥ በኩል አጋድመሽ ሞርጂ፣ ሲገናኙ ልክ የድንጋዩን ሹል እንዲሠሩ። ከዚያ ወደ መብራት አንሥተሽ እዪው። በመጋጠሚያው ብርሃን ካለፈ ገና ነው። መበየጃ (ቀልጦ ብሩን የሚያጣብቀው ብረት) ክፍተት አይሞላም፤ የሞላ ቢመስልም የመጀመሪያው ግፊት ላይ ይከፈታል። ያንቺ ጎን የተከፈተው በዚህ ይመስለኛል።

ርዝመቱን በስሌት አትፈልጊው። ለክብ ድንጋይ የድንጋዩን ስፋትና የጥብጣቡን ውፍረት ደምረሽ በ3.14 ማባዛት ነው፤ ለ10 ሚሊ ድንጋይ 32.3 ይመጣል። ለእንባ ቅርጽ ይሄ አይሠራም። ቀጭን ወረቀት ድንጋዩ ላይ ጠምጥመሽ ምልክት አድርጊ፣ ትንሽ አስረዝመሽ ቁረጪ፣ ከዚያ እየሞረድሽ ወደ ልኩ አምጪው።

ብርና እሳት
ማንም ያላነሳው ነገር፦ 4 ሚሊ ቁመት ለምን አስፈለገሽ? 6 ሚሊ ከፍታ ላለው ድንጋይ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ይበቃል። ማቀፊያው ድንጋዩ ወደ ውስጥ መጉበጥ የሚጀምርበትን መስመር አልፎ ትንሽ ከያዘ አለቀ። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ መተኛት ያለበት ትርፍ ነው። ግማሹ ሽብሽባሽ ከዚህ የመጣ ነው ብዬ እወራረዳለሁ።

መጋጠሚያውን በከፍተኛ ሙቀት በሚቀልጠው መበየጃ፣ ድንጋዩ የሚያርፍበትን የሥሩን ዝርግ ብር ደግሞ ዝቅ ባለ ሙቀት በሚቀልጠው በይጂ። አለዚያ ሁለተኛውን ስትበይጂ የመጀመሪያው ይላቀቃል። እሳቱን ከሥር፣ ዝርጉ ላይ አድርጊ። ማቀፊያው ቀጭን ስለሆነ ቀድሞ ይግላል፤ ዓይንሽን ከሱ ላይ ካነሳሽ ይቀልጥልሻል። ስንቱን አቀለጥኩ መሰለሽ!

ቀጭን መጋዝ
እኔ ሹል ጫፍ ሲያጋጥመኝ እሰነጥቀዋለሁ። ድንጋዩን ከማስገባቴ በፊት ጫፉ ላይ ከላይ ወደ ታች 1 ሚሊ ያህል በመጋዝ እቆርጣለሁ። የሚተኛውን ክፍል ብቻ ነው፤ እስከ ሥሩ አይደለም። ሁለቱ ጎኖች ሲገፉ ስንጥቁ ይዘጋና አፍ ለአፍ ይገጥማል። መጀመሪያ ክቡን ወገን፣ ቀጥሎ ጎኖቹን በተራ፣ ጫፉን መጨረሻ።

ጋሽ አንጥረኛ
ልጆች፣ መሰንጠቅ አቋራጭ ነው። እኔ ጫፉን ከውጭ በሞረድ አሳስቼ፣ መጀመሪያ እሱን አስተኛለሁ። ከዚያ ተቃራኒውን ክብ ወገን፣ ጎኖቹን መጨረሻ። ትርፉ በረጅሙ ጎን ላይ ይበተናል። ጫፉም ድፍን ሆኖ ይቀራል፣ መስመር አይታይበትም። ያጌጠው ሥራ እሱ ነው።

ቀጭን መጋዝ
ጋሼ፣ እንደ ኳርትዝ ላለ ጠንካራ ድንጋይ ቢሆን እስማማለሁ። ግን ኦፓል ነው ያለችው። የኦፓልን ሹል ቀድመው ሲጫኑት አይሰበርም ይላሉ?

ጋሽ አንጥረኛ
እውነትህን ነው፤ ኦፓል መሆኑን ሳላነብ ነው የጻፍኩት። ለኦፓል ሰንጥቂው ልጄ። አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ ከውስጥ፣ ሹሉ የሚቀመጥበትን ጥግ በትንሹ ፈልፍዪለት። የድንጋዩ ጫፍ ብሩን መንካት የለበትም። ድንጋዩን ጎኖቹ ይያዙት፣ ጫፉ ይረፍ።

ዕንቁ ወዳጅ
ኦፓል ውስጡ ውሃ አለው። እሳት አይወድም፣ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥም ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ብየዳው፣ ከብየዳ በኋላ ብሩ የሚጸዳበት የአሲድ ውሃው፣ ሞረዱ፣ ዋናው ማለስለስ ሁሉ አልቆ ነው ድንጋዩ የሚገባው። ጥንካሬው በሞህስ መለኪያ (ከ1 እስከ 10 ባለው የማዕድን ጥንካሬ መለኪያ) ከ5.5 እስከ 6.5 ነው፤ ሞረድሽ ካመለጠሽ ይጭረዋል። ጠርዙን መጨረሻ ላይ ስታስተካክዪ ድንጋዩን በፕላስተር ሸፍኚው።

ልኩን ስትሞክሪ ደግሞ ከድንጋዩ ሥር የጥርስ ማጽጃ ክር አሳልፊ። ከተጣበቀ በክሩ ትስቢዋለሽ። እኔ ይሄን ሳላውቅ አንዱን ድንጋይ በመርፌ ልፈነቅል ስል ለሁለት ከፈልኩት።

ጀማሪዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ እርስዎን በተለይ። ማቀፊያውን ወደ 2.5 አሳጥሬ፣ መጋጠሚያውን ጫፉ ላይ አድርጌ፣ ሰንጥቄ በሌላ ብርጭቆ ሞከርኩ። ገጠመ! ስንጥቁ ላይ ፀጉር የምታክል መስመር ቀርታ ነበር፤ በልሙጥ ብረት ስፈትጋት ጠፋች። ኦፓሉን ከማስገባቴ በፊት አንድ ጊዜ ደግሜ እሠራዋለሁ፣ እጄ ገና ይንቀጠቀጣል።

ከዚህ ቀጥሎ አራት ማዕዘን ድንጋይ አለኝ። እሱንም በአራት ቁራጭ ልገጣጥመው ነው?

ሞረድ በእጄ
አይ፣ በአንድ ጥብጣብ ይሆናል። የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ከውስጥ በኩል በባለ ሦስት ጎን ሞረድ ቦይ አውጪ፤ ከጀርባው ስስ መስመር ብቅ እስኪል ድረስ። አንድ ጊዜ ብቻ እጠፊው፤ ወዲህ ወዲያ ካልሽው ይበጠሳል። ከዚያ ቦዩን ከውስጥ በይጂው። መጋጠሚያውን ግን እዚህ ላይ ጥግ ሳይሆን የአንዱ ጎን መሐል አድርጊው፤ ለመግጠም ይቀላል።

ቀጭን መጋዝ
የልብ ቅርጽ የመጣ ዕለት ደግሞ ሁለት ጥብጣብ አዘጋጂ። ግራና ቀኙን ለየብቻ አጉብጠሽ፣ ከላይ ስርጉዱ ላይና ከታች ሹሉ ላይ ትበይጃቸዋለሽ።