ይቅርታው ፈጠነብኝ፤ ልቀጥል ወይስ ልተወው?

ሰሞኑን ቀለል ያለ መንፈሳዊ የፍቅር ልብ ወለድ ይዤ ብቻዬን ስስቅ ከርሜአለሁ። ባለታሪኳን ልጅ ጥሏት የጠፋው እጮኛዋ ተመልሶ መጥቶ፣ የተለማመደውን የይቅርታ ንግግር በድንጋጤ ረስቶ ስለ ዝናብ የሚያወራበትን ገጽ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ችግሬ ከዚያ በኋላ ነው። ልጅቷ በአንድ ጸሎት፣ በግማሽ ገጽ ይቅር አለችው፤ እኔ ግን እስካሁን አልማርኩትም! ማቴዎስ 18፥22 «እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት» እንደሚል አውቃለሁ። ዮሴፍ እንኳ ግን ለወንድሞቹ ወዲያው አልተገለጠላቸውም፤ አስቀድሞ ፈተናቸው፣ ተደብቆም አለቀሰ። መጽሐፉን ከከደንኩት አራት ቀን ሆነኝ። እንዲህ ያጋጠማችሁ እንዴት ቀጠላችሁ? ሳቁ ሳይጎድል ይቅርታው ጊዜ የሚወስድበት ልብ ወለድ የምታውቁም ጠቁሙኝ፤ መጨረሻውን ብቻ አትንገሩኝ።