ክርክር፦ ለጨዋታ ስም ማስረጃ ይጠየቃል እንዴ?

ጋሻ ጃግሬ
ሰላም ቤተሰብ። ያለሁት ሜሪላንድ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጎትቶ ኤስ ሲ ኤ ውስጥ ከተተኝ። ለማታውቁት፣ የአውሮፓን የመካከለኛውን ዘመን ኑሮ በልብሱ፣ በምግቡና በውጊያው መልሶ የሚጫወት ማኅበር ነው። በ1966 በርክሌይ፣ ካሊፎርኒያ፣ አንድ ጓሮ ውስጥ በተደረገ ድግስ ተጀመረ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) አሁን ዓለምን በ20 «መንግሥታት» ከፋፍሏል። የእኛው «አትላንቲያ» ይባላል።

እዚያ ሰው የሚጠራው በዘመኑ ስም ነው። ጋሻው ላይም የራሱን አርማ ይስላል። ሁለቱንም ማስመዝገብ ይቻላል። ግን ስሙ ከ1600 በፊት ለመኖሩ ማስረጃ ይጠየቃል። አርማው ደግሞ ከሌላ ሰው ጋር እንዳይመሳሰል ይጣራል።

እኔ ጸጋ ዘአብ መባል አማረኝ። ለአርማ በሰማያዊ ላይ ጥቁር አንበሳ መረጥኩ። ማንንም ሳልጠይቅ ጋሻውን ቀባሁት፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ከዚያ የአርማ ነገር የሚያውቅ አንድ ጓደኛዬ አየውና ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ እንኳን አያልፍም» አለኝ።

አሁን ጥያቄዬ፣ ለጨዋታ ይሄ ሁሉ ጣጣ ምን ይሠራል? የቀበሌ መታወቂያ የማወጣ ነው የመሰለኝ።

ቀለም ቀቢዋ
ወንድሜ፣ ስለ ስሙ አላውቅም። አርማው ላይ ግን ጓደኛህ ልክ ነው። አባቴ ታፔላ ጸሐፊ ነበር፤ ቀለም እየበጠበጥኩ ነው ያደግኩት። ጥቁር በሰማያዊ ላይ የሚያጽፍ ደንበኛ ሲመጣ አባቴ መጀመሪያ መንገዱን አሻግሮ ያቆመውና «አንብበው እስቲ» ይለው ነበር።

የአርማው ደንብም ይኸው ነው። ወርቅና ብር፣ ማለትም ቢጫና ነጭ፣ «ብረት» ይባላሉ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴና ሐምራዊ «ቀለም» ናቸው። ቀለም ቀለም ላይ፣ ብረት ብረት ላይ አይደረብም። ጋሻህን አጥር ላይ ደግፈውና ሠላሳ እርምጃ ራቅ ብለህ እየው። አንበሳህ የተቃጠለ ድንች ነው የሚመስለው። ቢጫ አድርገው፣ በቃ።

አባ ክርክር
ስለ ቀለሙ እሺ። መዝገቡን ግን አልቀበልም። ባርቶሎ የሚባል የ14ኛው መቶ ዘመን ጣልያናዊ የሕግ ሊቅ ስለ አርማ ጽፏል። ሰው ለራሱ ስም እንደሚያወጣ ሁሉ አርማም ማውጣት ይችላል ነው ያለው፤ ሌላውን እስካልጎዳ ድረስ። በእንግሊዝ እንኳን የሄራልዶች፣ ማለትም የአርማ አዋቂዎቹ፣ ኮሌጅ የተቋቋመው በ1484 ነው። ታዲያ የዚያን ዘመን ሰው ልምሰል የሚል ሰው ከዚያ ዘመን የባሰ ፎርም እንዴት ይሞላል? የሚገርመው እኮ ይሄ ነው።

የታሪክ ተማሪ
አባ ክርክር፣ ግማሹን ብቻ ነግረኸን አለፍክ። «ሌላውን እስካልጎዳ ድረስ» የምትለዋ ላይ ነው ጠቡ ያለው።

በ1385 የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ሪቻርድ ስኮትላንድን ሊወጋ ዘመተ። ሠራዊቱ ውስጥ ስክሮፕና ግሮቭነር የሚባሉ ሁለት ባላባቶች ተገናኙ። ሁለቱም በሰማያዊ ላይ በሰያፍ የተጋደመ የወርቅ መቀነት ይዘው! ክስ ተመሠረተ። በመቶ የሚቆጠሩ ምስክሮች ተጠሩ። ባለቅኔው ጄፍሪ ቾሰር አንዱ ነበር። ቃሉ ተመዝግቦ ቆይቷል። ለንደን ውስጥ በአንድ መንገድ ሲያልፍ ይሄን አርማ ውጭ ተሰቅሎ ያያል። «ስክሮፕ እዚህ አርፏል እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። «የለም፣ የግሮቭነር ነው» ይሉታል። ስሙን ያን ጊዜ ገና መስማቱ ነበር። ስክሮፕ በ1389 ተፈረደለት። ለግሮቭነር ዙሪያውን ጠርዝ ጨምሮ ይያዘው ተባለ። ንጉሡ ግን በ1390 ያንንም ሻረው። በጠርዝ ብቻ መለየት ለዘመድ እንጂ ለባዕድ አይበቃም ነው ነገሩ።

ኤስ ሲ ኤ በአንድ ትንሽ ልዩነት ብቻ የማያሳልፈው ከዚሁ መንፈስ ነው። አንድ ትልቅ ለውጥ፣ ወይም ሁለት ግልጽ ልዩነት ይፈልጋል። አምስት ዓመት ከመካሰስ መዝገብ ይሻላል ባይ ነኝ።

የቨርጂኒያዋ
ወንዶች ስለ ጋሻ ስትጨቃጨቁ የስሙን ነገር ረሳችሁት። የእኔን ስሙኝ። እናቴ ሰብለ ወንጌል ብላ ነው ያወጣችልኝ። የአጼ ልብነ ድንግል ሚስት ስም ነው፣ 16ኛው መቶ ዘመን። ከኋላው የአባቴ ስም አለ፣ ልክ እንደ ጥንቱ። ከዚህ በላይ «የዘመኑ» ስም ከየት ይመጣል? ግን እንዳለ አይመዘገብም። ለምን? መታወቂያዬ ላይ ያለው ስም ስለሆነ! ተጫዋቹና ገጸ ባሕርዩ እንዲለዩ ነው አሉኝ። ምክንያቱ ይገባኛል። ግን ደንቡን ያወጣው ሰው ስሙ ጄሰን የሆነ ሰው ነው የታየው፤ እኛን አላሰበም።

ማስረጃውስ? የጋሻ ጃግሬ ጸጋ ዘአብ በ1527 ሊዝበን የገባው የልብነ ድንግል መልእክተኛ ነው። ፈረንጆቹ ስሙን እንዴት ጻፉት? ዛጋ ዛቦ! የእኛ ሰው በራሱ ስም ለመጠራት የፖርቱጋል ጸሐፊ ጆሮ ምስክር ይሁነው?

የታሪክ ተማሪ
እህቴ፣ የመታወቂያው ነገር ላይ አልከራከርሽም፣ ለእኛ በእርግጥ አይመችም። ማስረጃው ግን የግድ የፈረንጅ አይደለም። አውሮፓ ያወቀው አገር ሰው ሁሉ ይገባል። በገዛ ቋንቋው የተጻፈም ቢሆን ተተርጉሞ ይቀርባል። የዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል አለ። በወንጌል ብራና ህዳግ ላይ የተጻፉ የጉልት ሰነዶች አሉ፤ የምስክሮቹ ስም ከነሹመታቸው ተደርድሯል። የሚቸግረው ማግኘቱና መተርጎሙ ነው። ጆን ለሚባለው ማስረጃው በደቂቃ ይገኛል። እኛ ግዕዝ የሚያነብ ሰው መለመን አለብን። እኩል ደንብ ነው፣ እኩል ድካም ግን አይደለም።

አርማም ላይ እንዲሁ ነው። የአውሮፓን መልክ ያልያዘ አርማ በማስረጃ ይገባል። የግብፅ ማምሉክ አሚሮች ሹመታቸውን ነበር የሚስሉት። የሱልጣኑ ጠጅ አሳላፊ ጽዋ፣ ጸሐፊው የቀለም ሣጥን።

አባ ክርክር
«ጠጅ አሳላፊ» አልክ? በዚህስ ተሸነፍኩ። 😂 ግን የፈረስ ስምስ? አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ። እኔ ብሆን አባ ክርክር ብዬ ነበር የምመዘገበው።

የታሪክ ተማሪ
የጠቀስካቸው ሁሉ የ19ኛው መቶ ዘመን ሰዎች ናቸው። ከ1600 በፊት የተጻፈ አንድ አምጣና እኔ ራሴ ወረቀቱን አዘጋጅልሃለሁ። ራስ ወይም ደጃዝማች እባላለሁ ካልክ ግን አትድከም። ያልተሰጠህን ማዕረግ ስም ውስጥ ማስገባት አይቻልም።

ቀለም ቀቢዋ
አንድ ነገር ልበል። መመዝገብ ግዴታ ነው እንዴ? አይደለም አይደል? በጸጋ ዘአብ ተጠራ፣ ማን ይከለክልሃል? የተመዘገበ ሰው የሚያገኘው ሌላው እንዳይወስድበት ነው። እኔ ብሆን ለጋሻው እጨነቃለሁ እንጂ ለስሙ አልደክምም። ጋሻ ከሩቅ ይታያል፣ ይምታታል። ስም ግን የሚጠራህ ሰው አፍ ውስጥ ነው።

የቨርጂኒያዋ
ይሄማ የሰነፍ መፍትሔ ነው፣ ይቅርታ። ካልተመዘገበ ከእኛ በኋላ የምትመጣው ልጅም ከዜሮ ነው የምትጀምረው። አንድ ሰው ብራናውን አስተርጉሞ ካሳለፈ ግን ለቀጣዩ መንገድ ይሆናል። እኔ ስሜን ትንሽ ለውጬ አስገባለሁ። ምናልባት የአያቴን ስም ጨምሬ።

ጋሻ ጃግሬ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሻውን አጥር ላይ አድርጌ አየሁት። ድንች ነው፣ እውነት። ልጄ «ጉማሬ ነው?» አለችኝ።

አንበሳውን ቢጫ አደርገዋለሁ። ስሙን ግን አልተወውም። ለካ ስም ብቻውን አይበቃም፣ ከኋላው ሌላ መጠሪያ ያስፈልገዋል፤ የአባት ስም እጨምራለሁ። የቨርጂኒያዋ፣ ግዕዝ የሚያነብ ሰው ካገኘሽ አብረን እናሠራው፣ ወጪውን እንካፈላለን። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ጸ»ን በምን ላስገባው? ሦስት ሰው ጠየቅኩ፣ ሦስት መልስ አገኘሁ።