ሮበን ደሴት፦ አባቴን ይዤ ልሂድ ወይስ ይቅር?

የኮልፌ ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። አባቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቀኝ መጥቷል። ከጆበርግ ይዤው ለሦስት ቀን ኬፕታውን እንወርዳለን። ማንዴላ የታሰረበትን ሳላይ አልመለስም ብሏል። ጓደኞቼ ደግሞ «ባዶ ክፍል ለማየት ግማሽ ቀን ታቃጥላለህ» ይሉኛል። ጉልበቱን ያመዋል፣ እንግሊዝኛም እንደልቡ አይሰማም። የሄዳችሁበት ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

ሰናይት፦
ሂዱ። ግን በደረሳችሁ በማግስቱ አድርገው፣ ለመጨረሻው ቀን አታቆየው። ንፋስ ከበረታ መርከቡ አይወጣም። እኔ በመጨረሻው ቀን ይዤ ቀርቶብኝ ያየሁት በዓመቱ ነው። ትኬቱን ቀደም ብለህ በኢንተርኔት ቁረጥ። መነሻው ዋተርፍሮንት ያለው የኔልሰን ማንዴላ ጌትዌይ ነው፣ ደርሶ መልሱ ከ3 ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። ደሴቱን የምትዞሩት በአውቶቡስ ስለሆነ ጉልበታቸው ብዙም አይቸገርም፣ እስር ቤቱ ውስጥ ግን በእግር ነው። ጃኬት ያዝላቸው፣ ባሕሩ ላይ ይበርዳል።

ተጓዥ፦
«ባዶ ክፍል» ያሉህ ሰዎች ወይ አልሄዱም ወይ ሮጠው ነው ያለፉት። እኛን ያስጎበኙን ሰውዬ ራሳቸው እዚያው የታሰሩ ነበሩ። ድምፃቸውን ከፍ እንኳን አያደርጉም። አንድ ሰሌዳ ፊት አቆሙን፣ የእስረኞች የምግብ ድልድል የተጻፈበት፣ አንዱ ዓምድ ለክልሶችና ለእስያውያን፣ ሌላው ለጥቁሮች። ስጋውና ቅባቱ ለጥቁሩ ያንሳል፣ ጃም ጭራሽ የለውም። ያው እስር ቤት፣ ያው ድንጋይ ፈለጣ፣ ግን ራት ላይ እንኳን ይለያዩዋቸው ነበር። ልብሱም እንደዚያው ነው፤ ለጥቁሩ ቁምጣ፣ ለሌላው ረጅም ሱሪ። እኔ ከክፍሉ ይልቅ ያ ሰሌዳ ነው እስካሁን ከዓይኔ ያልጠፋው።

የማንዴላን ክፍል በፍርግርጉ ነው የምታዩት። ምንጣፍና ባልዲ፣ ሌላ ያን ያህል ነገር የለም። ከ27 ዓመት እስሩ 18ቱን እዚያ ነው ያሳለፈው። እስረኞቹ የኖራ ድንጋይ ይፈልጡበት የነበረውን ቦታም አባትህ በደንብ ይዩት፣ የነጩ ድንጋይ ነጸብራቅና አቧራው ዓይኑን የጎዳው እዚያ ነው። እዚያው መግቢያው ላይ አንድ የድንጋይ ቁልል አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 የቀድሞ እስረኞች ተመልሰው መጥተው እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ድንጋይ ያኖሩት ነው።

እንግሊዝኛው አያስጨንቅህ። ከኋላ ቁምና በጆሯቸው ተርጉምላቸው።

አበበ ከኬፕታውን፦
የኮልፌ ልጅ ሆነህ እንዴት ትጠይቃለህ ወንድሜ! ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 የጦር ስልጠና የወሰደው እዚያው ኮልፌ ነው። ለ6 ወር ታስቦ ሁለት ወር ገደማ ሲሆን ትግሉ ፈለገውና ተጠርቶ ተመለሰ። ሲመለስ ሽጉጥ ተሰጥቶታል። ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስምም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነበረው። አገሩ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ተያዘ። እና አባትህ ከመርከቡ ሲወርዱ ከኮልፌ የተጀመረ መንገድ የት እንደደረሰ ነው የሚያዩት። ይህን ቀድመህ ንገራቸው፣ ከዚያ በኋላ ጉልበቴን የሚሉህ አይመስለኝም።

የኮልፌ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የፓስፖርቱን ነገር አሁን ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ስሙን ድገምልኝ» አለኝ። በደረስን ማግስት ጠዋት ቆርጫለሁ። ጃኬቱን ከሻንጣው አውጥቶ ወንበር ላይ አንጠልጥሏል፣ ጉዞው ገና በሚቀጥለው ሳምንት ነው።