ሻወር በወሰድን ቁጥር ራሳችንን ያመናል፤ የጋዝ ማሞቂያው ይሆን?

ቀዝቃዛ ሻወር፦
ሰላም ለሁላችሁ። በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ አለን። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው፣ ሻወር ሲከፈት ራሱ ቦግ ብሎ የሚበራው ዓይነት ነው። ያለው ኩሽና ውስጥ ነው። ከአናቱ የላሜራ ቱቦ ይወጣና ኮርኒሱን አልፎ ወደ ውጭ ይሄዳል። ስድስት ዓመት ሙሉ ምንም አላስቸገረንም። ባለፈው ወር መስኮቶቹን በአዲስ ቀየርን፣ ከምድጃው በላይም ጭስ የሚስብ ፋን አስገጠምን። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እኔንም እናቴንም ራሳችንን ያመናል፤ እሷንማ ያቅለሸልሻታል። ጉንፋን ነው ብለን ነበር፣ ግን ትኩሳት የለንም፣ ደግሞ ጠዋት ከቤት ከወጣሁ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይለቀኛል። ትናንት ቀና ብዬ ሳይ ቱቦው ማሞቂያው ላይ የሚገባበት ጋ በጣት የተቀባ የሚመስል ጥቁር ነገር አለ። ጋዝ ግን አይሸትም። ቴክኒሽያኑ ከሐሙስ በፊት አልችልም ብሏል። እስከዚያ ምን ላድርግ?

ብሎን ፈቺ፦
እህቴ፣ ማሞቂያውን አሁን አጥፊው። የጋዙን መዝጊያም ዝጊ። እስከ ሐሙስ ውሃ በድስት አሙቁ፣ እሱንም መስኮት ከፍታችሁ።
ጋዝ አይሸትም ማለትሽ አያጽናናሽ። የጋዝ ሽታ የምንለው መፍሰሱ እንዲታወቅ ሆን ተብሎ የሚጨመርበት ነው፤ ጋዙ ሲቃጠል ሽታውም አብሮ ይቃጠላል። እኔን ያሰጋኝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ እሳት በደንብ ሳይነድ ሲቀር የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ዓይን አይቆጠቁጥ። ያየሽው ጥቁር ነገር ጥቀርሻ ነው። ጭሱ በቱቦው መውጣት ትቶ ወደ ቤት እየተመለሰ ይመስለኛል። ነበልባሉ ምን ዓይነት ነበር? ሰማያዊ ነው ወይስ ቢጫ ቢጫ ይላል?

የማታ ተረኛ፦
ነርስ ነኝ። ስለ ቱቦ አላውቅም፣ ስለ ራስ ምታቱ ግን ልናገር። ትኩሳት የሌለው “ጉንፋን”፣ ቤት ውስጥ ሁሉንም የሚይዝ፣ ከቤት ሲወጡ የሚተው ከሆነ ከማሞቂያው ጋር ማያያዝሽ ትክክል ነው። ደማችን ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ካርቦን ሞኖክሳይድን የሚይዘው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ነው። ንጹህ አየር እየተነፈስሽ እንኳ ግማሹ እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በኦክስጅን ጭንብል በጣም ያጥራል።
ዛሬውኑ እናትሽን ይዘሽ ሂጂ። ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ አትመኑ። ተራው መሣሪያ ኦክስጅን የያዘውን ደም ካርቦን ሞኖክሳይድ ከያዘው አይለይም፣ ሰውየው ተመርዞም ኦክስጅኑ 98 በመቶ ነው ብሎ ሊያሳይ ይችላል። የደም ምርመራ ነው የሚያስፈልገው። ደግሞ ለሐኪሙ “ቤት ውስጥ የጋዝ ማሞቂያ አለን” ብለሽ በራስሽ አፍ ንገሪው፤ ካልነገርሽው ጉንፋን ነው ብሎ ቢሸኝሽ አትፍረጂበት።

ያገባኛል ባይ፦
ኧረ ሰው አታስፈራሩ! እኛ ቤት እንዲህ ያለ ማሞቂያ ከ15 ዓመት በላይ ነው። መስኮት ገርበብ ማድረግ ነው፣ በቃ።

ብሎን ፈቺ፦
ወንድሜ፣ እናንተ ቤት አየር የሚያስገባ ክፍተት ስላለ ነው። እነሱም ቤት አሮጌዎቹ መስኮቶች ሲያፈሱ ነበር፣ ሳያውቁት የጠበቃቸው እሱ ነው። አሁን ቤቱ ግጥም ብሎ ተዘጋ፣ በላዩ ፋኑ አየር እየመጠጠ ያወጣል። የወጣው አየር በሆነ በኩል መተካት አለበት። ክፍት የቀረው ቀዳዳ ደግሞ የማሞቂያው ጭስ ማውጫ ነው። ቱቦው ወደ ላይ መሳቡን ትቶ ወደ ታች ይተነፍሳል ማለት ነው። ብርድ ሲሆን ሰው የሚዘጋውን መስኮት መፍትሄ አልለውም።
ቀዝቃዛ ሻወር፣ ከሐኪም ስትመለሺ አንድ ነገር ሞክሪ። ማሞቂያው እንደጠፋ፣ ጋዙ እንደተዘጋ ይሁን። የጋዝ ሽታ ካለ አትሞክሪው። መስኮትና በር ዝጊና ፋኑን መጨረሻ ላይ አድርጊው። ክብሪት ለኩሰሽ አጥፊና የሚጨሰውን እንጨት ከማሞቂያው አናት ሥር፣ ቱቦው የሚጀምርበት ክፍተት ጋ ያዢው። ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ብቻ እዪ።

ቀዝቃዛ ሻወር፦
ነበልባሉ ጫፉ ቢጫ ነበር፣ ድሮ እንዲያ አልነበረም። ሐኪም ቤት ደርሰን መጣን። ሁለታችንም ደም ውስጥ ተገኘ፤ የእናቴ ይብሳል፣ ኦክስጅን ተሰጥቷት ተሽሏት ተመለስን። የማታ ተረኛ፣ እግዜር ይስጥሽ።
ክብሪቱንም ሞከርኩት። ፋኑ ጠፍቶ ጭሱ ቀስ እያለ ወደ ቱቦው ገባ። ፋኑን ሦስት ላይ ሳደርገው ቆም አለና ተጠምዝዞ ፊቴ ላይ መጣ! መስኮት ስከፍት ተመልሶ ወደ ላይ። ሦስቴ ደጋገምኩት፣ ሦስቴም ያው።

ያገባኛል ባይ፦
እሺ፣ ተሸነፍኩ። እኔም ማታ እሞክረዋለሁ።

ጣራ ወጪ፦
ፋኑ ላይ ብቻ አታላክኩ፣ ቱቦውንም እዩት። እኛ ቤት የወፍ ጎጆ ነበር የዘጋው። ላዩ ላይ ወንፊት ያለው ቆብ ከሌለ ወፍ ይወደዋል፣ ይሞቃላ። ቱቦው አግድም የሚሄድበት ቦታም እየወጣ መሄድ አለበት፣ በአንድ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል። ወደ ታች ካጎነበሰ እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ይጠራቀምና ላሜራውን ይበላዋል። የልብስ ማድረቂያ የሚገጠምለትን ስስ የሚተጣጠፍ ቱቦ ለማሞቂያ ያደረገ ሰው አይቻለሁ። ለዚህ ሙቀት የተሠራ አይደለም።

ግራ ገባኝ፦
ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። እኔ የጋዝ አላርም ገዝቼ ከወለሉ አጠገብ ሰቅያለሁ። ይበቃል አይደል?

ብሎን ፈቺ፦
አይበቃም፣ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ያንተ የሲሊንደር ጋዝ ሲፈስ የሚጮኸው ከሆነ ቦታው ልክ ነው፣ ያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ክብደቱ ከአየር ጋር ተቀራራቢ ነው፣ የትም ይዋኛል። የእሱ አላርም ለብቻው ይገዛል። መኝታ ቤት ስትተኛ ጭንቅላትህ በሚሆንበት ከፍታ፣ ማሞቂያው ያለበት ክፍል ደግሞ ከማሞቂያው ከ1 እስከ 3 ሜትር ራቅ አድርገህ። ከመጋረጃ ጀርባ አይሁን። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቀን እይ፣ ዘላለም አይሠራም። ቁልፉን ስትጫን መጮኹም ድምፁና ባትሪው ደህና መሆኑን እንጂ ውስጡ ያለው ሴንሰር መሥራቱን አያሳይም።

ቀዝቃዛ ሻወር፦
ሐሙስ መጣ። ኮርኒሱን ሲከፍተው ክርኑ ላይ ቱቦው ተላቆ በአንድ ብሎን ብቻ ተንጠልጥሏል! ጭሱ ኮርኒስ ውስጥም ይገባ ነበር ማለት ነው። አዲስ ቱቦ አስገባ፣ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በሦስት ሦስት ብሎን አሰረው። የማሞቂያውን በርነርም (እሳቱ የሚነድበትን) ጠረገ፣ አቧራ ጠጥቶ ነበር። ግድግዳው ላይ የማይዘጋ የአየር ማስገቢያ ቀዳ። ክብሪቱን ደገምን፤ ፋኑ ሦስት ላይ ሆኖም ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ከዚያ ማሞቂያውን አብርቶ በመሣሪያ ለካ። ነበልባሉ ሰማያዊ ሆኗል። ወደፊት ስንቀይር አየሩን ከውጭ የሚወስድ፣ ጭሱንም ወደ ውጭ የሚያወጣ ዝግ ማሞቂያ ግዙ ብሎናል። አላርሙንም ገዛሁ።
አንድ ችግር ቀረ። እናቴ በአዲሱ ቀዳዳ ብርድ ገባብኝ ብላ ጨርቅ ወትፋበታለች።

ብሎን ፈቺ፦
አሁኑኑ አውጪው! ብርዱ ካስቸገራቸው ቴክኒሽያኑ ነፋሱን የሚያዞር ክዳን ከውጭ ይግጠምበት። ጨርቁን ደግሞ ደብቂው፣ እናቶችን አውቃለሁ፣ ዞር ስትዪ መልሰው ይወትፉታል።

ቀዝቃዛ ሻወር፦
አወጣሁት። ለእናቴም ጋቢ ደርቤላታለሁ፣ እስካሁን አልተናገረችም።